ብስኩቱን እንዳትበላው

ውድ ባለቤቴ፣

መሪ ከያዝክ ስልክ እንደማታነሳ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በአንተ መንገድ ለሚወጣው ባልደረባህ ሮጬ ልሰጠው ነው። ከሁሉ በፊት፣ ምሳ ዕቃህ ውስጥ ያለውን ብስኩት እንዳትነካው።

ነገሩ የጀመረው ከሱሪህ ነው። ልብስ ሰፊ ያገባ ሰው ወገቡን መደበቅ አይችልም። አንዱን ሱሪ አጠበብኩልህ። ሌላውን ስታመጣ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ሥጋ ከሌለው እንደ ምግብ የማትቆጥር ሰውዬ፣ ከጭነት መኪናህ ካሮትና ጎመን ታቅፈህ መውረድ ጀመርክ። "ምን ነካህ?" ስልህ፣ እንደ ሬዲዮ "የተመጣጠነ ምግብ ለጤና ጥሩ ነው" አልከኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ለየትኛዋ ሊያምርላት ነው አልኩ።

ከዚያ መኝታ ቤት ገብተህ በስልክ ስታንሾካሹክ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጆሮዬን ጣልኩ። የሰማሁት "ስኳሬ" እና "ባለቤቴ እንዳትሰማ" የሚለውን ብቻ ነው። እኔን አንድ ቀን እንኳ ስኳሬ ብለኸኝ አታውቅም! ከመንገዱ ጥግ ካለችው መድኃኒት ቤት ስትወጣም አይቼሃለሁ፤ ባለመድኃኒቷ ደግሞ መልከ መልካም ናት።

ቀጥነህ ለእሷ ከምታምር ወፍረህ ለእኔ ብትቀር ይሻላል ብዬ፣ ብስኩቱን ስኳር በስኳር አድርጌ ጋገርኩልህ። ከእጄ የመጣ ነገር እንደማትመልስ አውቃለሁ።

ዛሬ ገና ከመውጣትህ ባለመድኃኒቷን ልጣላት ሄድኩ። "የባሌ ስኳር አንቺ ነሽ አይደል?" አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሴትየዋ ክው አለች። "እኔ መድኃኒቱን ነው የምሸጥለት፣ እህቴ። ስኳር በሽታ እንዳለበት አልነገረሽም እንዴ? ሐኪሙ እኮ አመጋገብህን ካላስተካከልክ ዓይንህን ታጣለህ ብሎታል።"

ብስኩቱ ትዝ ሲለኝ ጮህኩ። ወንበር ስባ ውሃ ያጠጣችኝ ያቺው ልሰድባት የሄድኩት ሴት ናት።

በጣም ተናድጄብሃለሁ። እንዳልጨነቅ ብለህ ነው? ይኸው በመደበቅህ በገዛ እጄ ልጎዳህ ነበር። ከእንግዲህ ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው፤ ጎመን ከሆነም ጎመን። ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም። እውነት ስኳር ብቻ ነው? ማታ መንዳት ያቆምከው ለምንድን ነው? ሰሞኑን በመርፌዬ ክር ላስገባልሽ ብለህ ያቃተህስ?

መኪናህን ዳር አቁመህ ደውልልኝ፣ አሁኑኑ። ስትደውል ደግሞ ስኳሬ እንዳትለኝ።

ሚስትህ