የፍሪጁ ጀርባ

ለምወድሽ ልጄ፣ የቆምሽበት በረዶ ይጽናልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ያው የሰው ፍሪጅ ሲጠግን ይውላል።

ማክሰኞ ሙቀቱ ሲብስብኝ የኛን ፍሪጅ ከፍቼ ፊቱ ተቀመጥኩ። አባትሽ ገብቶ ሲያየኝ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ሴት፣ ቤቱን እኮ እያሞቅሽው ነው!» አለና እጄን ይዞ የፍሪጁን ጀርባ አስነካኝ። ይፋጃል! ለካ ከውስጥ የወጣው ሙቀት ሁሉ በዚያ ነው የሚወጣው።

ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብድግ ስል ነው የምውለው። በረዶው ላይ በፓምፕ ውሃ እየረጫችሁ የሰሜን ዋልታውን ባሕር ልታቀዘቅዙ ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ የለ? ይቅናችሁ። ግን የባሕሩ ጀርባ የት ነው? ሙቀቱስ የሚወጣው በማን ቤት ነው? አለቃሽን ጠይቂልኝ። «አላውቅም» ካለሽ ግን፣ ለዚህ ያበቃሽ አምላክ ይጠብቅሽና፣ ፓምፑን የምትከፍቺው አንቺ አትሁኚ።

እናትሽ