ሳይመረቁ ቅርስ ስለሆኑት የስምንት ቁጥር ክፍል የማታ ተማሪዎች

ለክቡር ዶክተር ካላዩ፣
የመዲናዋ ሕዝብ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ዝክር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ፒያሳ ግቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ በተቀመጡበት ወንበር ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ለረጅም ስብሰባ የሚያስፈልገው ጉልበትዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የስምንት ቁጥር ክፍል የማታ ተማሪዎች፣ ክፍላችን ለሙዚየምነት ከታጨ ወዲህ ደረጃው ላይ ተደርድረን ስለምንማር፣ ከብርዱና ባልዲ ይዘው "እስቲ እግራችሁን" እያሉ ከሚያልፉት የጽዳት ሠራተኞች በቀር ያስቸገረን ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናው በሆዴ አልያዝ ስላለኝ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ቀን ሲሸጥ፣ ሲሰፋና ሲያሽከረክር የዋለ ሰው፣ ማታ ሱቁን ዘግቶ በክፍያው ሳይሳቀቅ ዲግሪ የሚይዝበት ቤት መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ኮሚቴዎ ይህን ታሪክ ለማክበር ባደረገው ጥልቅ ጥናት፣ ለታሪኩ መከበር የቀረው ብቸኛ እንቅፋት ተማሪው ራሱ መሆኑን ደርሶበታል። ስለዚህም የማታው ትምህርት በከተማው ዳር ወዳለው አዲስ ግቢ እንዲዛወር ወስኖ፣ ክፍላችንን "የማታ ተማሪው መታሰቢያ አዳራሽ" ብሎ ሰይሞታል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቢኖረኝ ኖሮ ግን እንዲህ በቁጥር አስቀምጠው ነበር።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ ግቢ። ውበቱ ሲነገር እሰማለሁ፤ ሄዶ የተመለሰ ሰው ግን ገና አላገኘሁም። ከቸርችል ጎዳና ታክሲ ይዞ፣ ወርዶ፣ ተሰልፎ፣ ሌላ ይዞ፣ ደግሞ ተሰልፎ የሚጓዝ ተማሪ፣ መምህሩ "ደህና እደሩ" ሲሉ ይደርሳል። የታክሲው ሂሳብ ከትምህርት ክፍያው ስለሚበልጥም፣ በርካሽ መማር እውነትም ታሪክ ሆኖ ይቀራል፤ ለሙዚየም ይመቻል።

ሁለተኛ፣ አንድ ልማድ አለን። ከሥራ ቀድሞ የወጣ ሰው ሮጦ ይመጣና ላልደረሱት ቦታ ይይዛል፤ በየወንበሩ ስካርፍ፣ ኮፍያ ወይም ጃኬት ያስቀምጣል። ዕቃ የተቀመጠበት ወንበር ሰው እንዳለበት ይቆጠራል። መምህራችን አቶ አብዱልሙሀይሚን ልማዱን ከማክበራቸው የተነሳ፣ "ይህ ሹራብ የቤት ሥራውን ሠርቷል?" ብለው የጠየቁበት ቀን አለ። የሹራቡ ባለቤት የክፍል ጓደኛችን ሳሊሀ ናት። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ክርና የልብስ ቁልፍ ትሸጣለች፤ ደንበኞቿ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ክር የሚያልቅበት ሱቅ ሊዘጋ ሲል ነው። ስለዚህ ሳሊሀ ሁልጊዜ ታረፍዳለች፣ ጓደኛዋ ሲሀምም ለዚሁ ብላ የሰጠቻትን ሹራብ አስቀምጣ ቦታ ትይዝላታለች።

ክፍሉ በተዘጋብን ዕለት የኮሚቴዎ ባለሙያዎች ወንበሮቹን ሊመዘግቡ ገብተው ሹራቡን አገኙት። ክርኑ ላይ የተጣፈውን ጨርቅ መርምረው ከአብዮቱ በፊት የተሠራ መሆኑንም አረጋገጡ። ሳሊሀ እያለከለከች ስትደርስ ሹራቧ መስታወት ውስጥ ተዘርግቶ፣ "የቀድሞ የማታ ተማሪ ልብስ" ተብሎ ተጽፎበት ጠበቃት። ልውሰድ ብትል፣ ጥበቃው ጋሽ ወልደጊዮርጊስ እጃቸውን ዘርግተው "ልጄ፣ ቅርስ አይነካም" አሏት። "ጋሼ፣ ቅርሱ እኮ እኔ ነኝ፤ በርዶኛል" አለቻቸው። ደግ ሰው ስለሆኑ ካፖርታቸውን አውልቀው ሰጧት፤ "ብቻ ወንበር ላይ እንዳታስቀምጪው፣ ይወስዱታል" ብለው አስጠንቅቀው።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ልግታ። ሳሊሀ ልጇን ስትወልድ አንዴ፣ የድሮው ሱቋ ሲፈርስ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣለች። አሁን የቀራት ይኸው ሴሚስተር ነው። አዲሱ ግቢ ለእሷ ማለት ገበያው በሚደራበት ሰዓት ሱቅ መዝጋት ነው፤ ያንን ደግሞ አትችልም። "ሦስተኛ ካቆምኩ አልመለስም" ብላናለች። ይህን ስትል ክር እየጠቀለለች ነበር፣ ቀና አላለችም። ኮሚቴዎ ግን አይስጋ፤ ትምህርቱን ከተወችው ከሹራቡ ሥር "የቀድሞ" የሚለው ጽሑፍ ትክክል ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ አዳራሹ ከሰኞ ጀምሮ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ተኩል ለሕዝብ በነጻ ክፍት እንደሚሆን፣ ጎብኚውም በወንበሮቹ ተቀምጦ "የዚያን ዘመን መንፈስ እንዲቀምስ" እንደሚበረታታ ከመግለጫዎ አንብበን ደስታችን ወሰን አጥቷል። ሰዓቱ የክፍላችን ሰዓት ነውና፣ ሰኞ ሁላችንም በጎብኚነት እንመጣለን። መንፈሱን በሚገባ ለመቅመስ ደብተር እንይዛለን። አቶ አብዱልሙሀይሚን አስጎብኚ ሊሆኑልን ፈቅደዋል፤ ጉብኝቱን ከኦዲቲንግ ምዕራፍ አራት ይጀምሩልናል። ማክሰኞም እንመጣለን፣ ረቡዕም፤ ታሪክ በአንድ ቀን አይጠገብምና እስከ ፈተናው ድረስ እንጎበኛለን። የምንለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈተናውም እዚያው ጎብኝተን በጨረስንበት ክፍል ይሁንልን።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ስብሰባዎን ያሳጥረው እያልኩ፣ በሕይወት ሳለሁ ስለዘከሩኝ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ ረሻድ፣
በፒያሳ የመነጽር ፍሬም ጠጋኝ፣
የስምንት ቁጥር ክፍል የማታ ተማሪ፣ ለጊዜው ከደረጃው ላይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአዳራሹ መግቢያ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶግራፍ አይተነዋል። ከኋላ ረድፍ፣ የጋራዥ ቱታውን ሳያወልቅ የተቀመጠው ቀጭን ወጣት እርስዎ መሆንዎን ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ነገሩን። ስም አልተጻፈበትም። ጎብኚ ማነው ብሎ ቢጠይቀን፣ "በዚህ ክፍል በማታ ተምረው ዶክተር የሆኑ፣ ከዚያም በሩን የዘጉ ሰው ናቸው" ልንል አስበናል። ስህተት ካለበት፣ እስከ ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊያርሙን ይችላሉ።