ላቀች ሣጥን ውስጥ የከተተችው ወፍራም ፊደል

ለተከበሩ አቶ ፍቃዱ
የባለቤቴ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ኃላፊ
ቦንጋ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ቤተሰብስ ደህና ነው? የሰሞኑ ዝናብስ ጉልበትዎን አልነካውም? እኔ ከቢሮዎ ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራው ኢሳያስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ከመስከረም ወዲህ ከቢሮዎ የሚወጣና ወደ ቢሮዎ የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ እርስዎ ከኮምፒውተሩ የፊደል ቅርጾች በመረጡት አንድ ፊደል እንዲጻፍ ማዘዝዎን በታላቅ አክብሮት ተቀብያለሁ። ፊደሉ ወፍራም ነው፣ ጌጥ የለውም፣ ለእያንዳንዱ ሆሄም እኩል ቦታ ይሰጣል፤ ባለ ሦስት እግሩ «ጠ» ተጨናንቆ ሲቆም ቀጭኗ «ነ» ሰፊ ቢሮ እንደተሰጠው ሹም ዘና ብላ ትቀመጣለች። ለእኩልነት ያለዎትን ቁርጠኝነት ሳላደንቅ አላልፍም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ለስም ዝርዝርና ለቡና ጆንያ ግሩም ነው፤ የሺሺንዳ ከተማ ቡና ነጋዴዎች መኪና ላይ ሆነው ያነቡታል።

ቢሆንም፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1ኛ. ጋሽ ተሰማ ከመሥሪያ ቤትዎ ጡረታ ሲወጡ የሰጧቸውን የምስጋና ወረቀት ሳሎናቸው ሰቅለውታል። ከሩቅ ሲያዩት «መግባት ክልክል ነው» የሚል ስለሚመስል እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ያመነታል።

2ኛ. በእኛ ቢሮዎች ልማድ ወፍራም ፊደል የሚወጣው ለማስጠንቀቂያና ለስንብት መሆኑን እርስዎም አይስቱትም። ባለቤቴ ላቀች ቢታ ገነት ተመድባ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ወደ ቦንጋ ለመዛወር ሦስት ዓመት ሙሉ ስታመለክት ቆይታለች። ደብዳቤዎ ሲደርሳት ጥቁሩን ርእስ ገና ከሩቁ አይታ «በዚህ ፊደል ደግ ነገር አይጻፍም» አለችና ሳታነበው ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ቅዳሜ ስሄድ እኔ አውጥቼ አነበብኩት። ለካስ ዝውውሩ ተፈቅዷል፤ በአምስት ቀን ውስጥ ሪፖርት ካላደረገች ግን ይሰረዛል ይላል። ያን ዕለት ደብዳቤው ከደረሳት ስምንተኛ ቀኑ ነበር። አልደብቅዎትም፣ ሁለታችንም አለቀስን። ከእኔ ጋር የምትኖረው የአራት ዓመት ልጃችን ኮከብ እናቷን የምታየው በወር ሁለት ቀን ነው።

3ኛ. ላቀች ይህንኑ በገዛ እጇ ጽፋ ብታመጣ፣ ጸሐፊዎ በታዘዘው ፊደል አይደለም ብለው መለሱባት። ስለ ጥንቃቄያቸው ከልብ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ የተሰረዘው ዝውውር እንዲታደስልን እጅ ነስቼ እለምናለሁ። አዲሱ ደብዳቤ በፈለጉት ፊደል ይጻፍ፤ ከእንግዲህ ጥቁርም ይሁን ወፍራም የማነበው እኔ ነኝ።

ከፊደልዎ ውፍረት ይልቅ በልብዎ ስፋት ተስፋ የማደርግ፣
አክባሪዎ ኢሳያስ

ግልባጭ፦
በሱቄ መስኮት በኩል ለሚያልፍ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ተመላሽ እንዳይሆን ይህን ደብዳቤ በታዘዘው ፊደል ጽፌዋለሁ። ፖስታውን ሲከፍቱ ልብዎ ደንገጥ ብሎ ከነበረ አይዞዎት፤ ላቀችንም ያገኛት ይኸው ነው።