የመትረየስ ኮምፒውተር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
መትረየስ ዛሬ ደህና ዋለች። ግራ እጇ በርትቷል፣ ቀኙ እንዳለ ነው። እህቷን ጉንፋን ይዟታል... እንዳታጋባባት ሻርፕ አፏ ላይ ጠምጥማ ነው የምታጎርሳት። የመትረየስ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ልጅ ወልዷል፣ ሴት። ፎቶው በኮምፒውተር መጣ። አያቲቱ አይታ ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? "አፍንጫዋ የኛ ነው፣ ምስኪን።" ሳቄ አልቆም አለኝ።

መትረየስ ያልናት እኛው ነን፣ ሆስፒታሉ ጽሕፈት ክፍል አብረን ስንሠራ። ስትጽፍ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ጡረታ ስትወጣ የምትሠራበትን ኮምፒውተር ሸለሟት። ዓመት ሳይሞላ ምላሷም ቀኝ ጎኗም ተያዘ። ስልክ ላይ ፊደሉ ለጣቷ አነሰ፣ በግራዋ እስክሪብቶ መያዝ አልሆነላትም። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ፊደሉን ትልቅ አድርጋ በአንድ ጣት ትለቅመዋለች። ንግግሯ እሱ ነው።

ቢሮ... በሷ ኮምፒውተር ቦታ የተገዛው አዲሱ ዛሬም ቀይ ጽሑፍ አወጣ። መጻፊያው ፕሮግራም አክቲቬት አልተደረገም፣ ፈቃዱ አልጸደቀም ይላል። ደብዳቤ ያሳያል እንጂ አያስጽፍም። ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላኩ ሰዎች ወረቀታቸውን እየጠበቁ መስኮቱ ላይ ተኮልኩለዋል።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ
መላጣው መጣ፣ የኮምፒውተር ባለሙያችን። (ስልክ ሲያነሳ ራሱ "መላጣው ነኝ" ነው የሚል።) ነቀለ፣ ሰካ። አጠፋ፣ አበራ። የፈቃዱን ቁጥር እንደገና አስገባ። ቀይ።

"እትዬ፣ ፈቃዱ የተገዛው ለአምስት ኮምፒውተር ነው። አምስቱም ተይዟል ይለኛል።"

"እኛ ጋ እኮ ከዚህ ሌላ ያሉት አራት ናቸው።"

"እሱ ነው የገረመኝ። አንዱ የት ገባ? ስሙ 'ጽሕፈት ሦስት' ይላል።"

ጽሕፈት ሦስት! የመትረየስ ወንበር። እኔ ወሬኛዋ... ዝም አልኩ።

"ግድ የለም፣ ዓርብ ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ። የትም ይሁን የት፣ በኢንተርኔት ይዘጋል።"

ብናገር ኮምፒውተሩንም ጭምር ቢወስዱባትስ? ባልናገርስ? በምን ልታወራ ነው?

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ
አደረግኩት። ከሥራ ስመለስ እሷ ቤት ገባሁ። እህቷ ጓዳ ናት፣ መትረየስን እንቅልፍ ወስዷታል። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅዬ ከቁምሳጥኑ ኋላ ወረወርኩት። ገመድ ከሌለ በምን በኩል ገብቶ ይዘጋዋል?

ጥቅምት 7፣ ዓርብ
መላጣው ሰረዘው። የኛው ኮምፒውተር ወዲያው ሠራ፣ ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ከሥራ ስወጣ ሮጬ እሷ ጋ። ትጽፋለች! "ምን አስሮጠሽ፣ ውሻ ነው?" አለችኝ በጽሑፍ። ግንባሯን ሳምኳት። ተርፋለች።

ጥቅምት 9፣ እሁድ
ልጇ የሚጽፍላት በእሁድ ነው። ፀጉሯን አስበጥራ ከምሳ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ምንም።
"አዲስ ልጅ እኮ ነው ያለው፣ ጊዜ አጥቶ ይሆናል" አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ
"ኢንተርኔት የለም ይላል። ሰው ጥሪልኝ" ብላ ጻፈች። እጠራለሁ አልኩ። እህቷ እንደሆነች ኮምፒውተር እንደ እሳት ነው የምትሸሸው፣ እሷም እኔኑ ነው የምታምን።

ጥቅምት 16፣ እሁድ
ቀዩ መጣ። እሷ ቤት! ገመድ በሌለበት! ፊደሉን ትነካለች፣ አይጽፍም። በዚያች በአንድ ጣቷ ደበደበችው፣ ደበደበችው...

ከዚያ ምን አደረገች? የቆየ ጽሑፏን ከፈተች። ማንበብ አይከለክልም። ወደ ላይ ወደ ታች እያለች ቃል ትፈልግና በጣቷ ታሳየኛለች። አንድ ቀን ለእህቷ "ማን መጣ?" ብላ ጽፋላት ኖሯል፣ "ማን" የሚለው ላይ ጣቷን አኖረች። ብዙ ወረደች፣ "ነካው"ን አገኘች። አላበቃችም። ላብ በግንባሯ ወረደ። በመጨረሻ "አንቺ" ላይ ቆመችና ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ
አላስቻለኝም። መላጣውን ኮሪደር ላይ ይዤ ሁሉን ዘረገፍኩለት።

"ገመዱን?" አለ። ሊስቅ ነው ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። "እትዬ፣ ፕሮግራሙ በየጊዜው ፈቃዱን በኢንተርኔት ያረጋግጣል። ማረጋገጥ ካቃተውም ራሱን ይዘጋል። አንቺ ያስቀረሽው የልጃቸውን ደብዳቤ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

"ስጠይቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ኮምፒውተሩን ይወስዱባታል ብዬ..."

"ተሸልመዋል እኮ፣ የሳቸው ነው። የቢሮው ፈቃዱ ብቻ ነው። በነፃ የሚሠራ ሌላ መጻፊያ እጭንላቸዋለሁ። እንሂድ።"

"ቀድሜ ልግባና ልንገራት" አልኩት። ውጭ ቆመልኝ።

ነገርኳት። ይቅርታ አልኳት። መልስ መስጫ የላትም እኮ! እኔ እያለቀስኩ እለፈልፋለሁ፣ እሷ ታየኛለች። ምነው በሰደበችኝ...

መላጣው ገባ፣ ቁምሳጥኑን ገፍተን ገመዱን አወጣን። የልጇ ደብዳቤዎች ተከታትለው ዘነቡ። የመጨረሻው "እማዬ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?" ይላል። አዲሱ መጻፊያ ሲከፈት መጀመሪያ ለሱ ጻፈች። ለመላጣውም "ተባረክ" አለችው። ለኔ አንዲት ፊደል የለም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ
ለሁሉም ትጽፋለች። ለኔ አሁንም ምንም። ሾርባ አድርሼ ተመለስኩ።

ጥቅምት 23፣ እሁድ
ዛሬ ቤቷ ሰው በሰው ሆነ። መላጣው መጣ። "እንዴት ነው እማማ፣ ይሠራል?" ሲላት "ይሠራል። ያንተ ፀጉር ነው እምቢ ያለው" ብላ ጻፈችለት። ራሱን እየዳበሰ ሳቀ። አለቃችንም ብርቱካን ይዘው መጡ፣ "ለመሆኑ አምስተኛው ፈቃድ እዚህ መሆኑ ለምን ቀድሞ አልተነገረንም?" አሉ። እኔ ወለሉን አየሁ። መትረየስ "እኔም እሱን ነው የምለው" አለች።

ሰው ሲወጣ በእጇ ጠራችኝ። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል... "የተያዘው ምላሴ ነው፣ ጭንቅላቴ አይደለም። ሳትጠይቂኝ ሁለተኛ እንዳትወስኝልኝ።"

"እሺ" አልኳት።

ከዚያማ መጠየቅ ነው። መስኮቱን ልክፈተው? ትራሱን ላቃናልሽ? መብራቱን ላብራው? ብርቱካን ልላጥልሽ?

ጣቷ እንደገና ወረደች። "ኧረ አበዛሽው! ቁጭ በይና ወሬ ንገሪኝ።"