ቁጥር አሥራ አራቷ ዛፍና እኔ

ወዳጄ፣ ሰላምታው ከታች ይደርስሃል፤ መጀመሪያ ጉዴን ስማ።

የእህቴ ልጅ የምትመራመርበትን ጫካ አስጎበኘችኝ። ዛፎቹ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ ልብስ ሰፊ ፊት እንደቆመ ሰው ወገባቸው ላይ መለኪያ ታስሯል። ከመኪናና ከፋብሪካ ጭስ የሚወጣው ናይትሮጅን ከዝናብ ጋር ይወርድባቸዋል አለችኝ። ትንሽ ሲሆን ያወፍራቸዋል፤ ሲወፍሩም ካርቦኑን ከአየር ስበው ግንዳቸው ውስጥ ያስቀምጡልናል። ሲበዛ ግን አፈሩ ይኮመጥጣል፣ አንዳንዱ ዛፍ ከስቶ ይሞታል፤ ያስቀመጠው ካርቦንም ተመልሶ ይወጣል። በየሳምንቱ ዩሪያ፣ ያው ናይትሮጅን ማዳበሪያ፣ የምትነሰንስላት ሎሚህ መጀመሪያ ቅጠል በቅጠል ሆና አሁን የምትረግፈው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ይህን ሁሉ ስሰማ ሽንቴ ወጥሮኝ ስለነበር ፈንጠር አልኩና ከአንዷ ዛፍ ሥር ተገላገልኩ። ዞር ስል ልጅት እጇን በራሷ ላይ ጭናለች።

«ጋሼ! ሽንት እኮ ናይትሮጅን አለው! ይቺ ከሰማይ ከሚወርደው በቀር ምንም ሳይጨመርባት አሥራ ሁለት ዓመት የተለካች ናት!»

«እኔም ከላይ ወደ ታች ነው ያወረድኩት» ብላት ፈገግም አላለች። መዝገቧን አውጥታ እያየኋት ጻፈች፦ «ዛፍ 14። ተጨማሪ ናይትሮጅን፣ አንድ ጊዜ። ምንጭ፦ አጎቴ።»

ቦታ ጠበበኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ፣ የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ሎሚዋን ግን በሞቴ ተዋት፤ እኔም ስመጣ አጠገቧ አልደርስም።