የሸህ ሰይድ ፋኖስ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ከጠዋት ጀምሮ እጄ ሥራ እምቢ ብሎኛል።

ቁርኣን የሚያስቀሩት ሸህ ሰይድ ጠዋት ባለቻርጅ ፋኖሳቸውን ይዘው ጥገና ቤቴ መጡ። በዚህ ወር ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። «ኪታቡ አይታየኝም፣ ብርሃኑን ጨምርልኝ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሽፋኑን ወለወልኩ፤ ቀጥሎ ባትሪውን ቀየርኩ። ዛሬ ደግሞ ኃይሉን የምትገድበውን ሬዚስተር አንስቼ አነስ ያለች በየድኩበት። ሳበራው አላስቀርብ አለኝ፤ ዓይኔን በእጄ ከለልኩ።

እሳቸው ግን ፊታቸው ድረስ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ ትክ ብለው አዩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሻሽሏል። ትንሽ ቢጨመርበት ነው» አሉ።

ያኔ ገባኝ። ፋኖሱ ድሮም ምንም አልሆነም። «ሸህዬ፣ ደሴ ሄደው ዓይንዎን ይታዩ» ልላቸው አፌ ላይ ደረሰና ዋጥኩት። በሩ ላይ የሚያስቀሯቸው ደረሶች ኪታብ ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ። እነሱ ፊት እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ወይስ ሰበብ ነው? ብቻቸውን ቢሆኑስ እል ነበር?

«ቅዳሜ ይምጡ፣ እጨምርበታለሁ» አልኳቸው። ምኑን እንደምጨምር እንጃ።

«አብሽር ልጄ፣ አላህ ዓይንህን ይጠብቅልህ» ብለው መረቁኝ።

አሜን አልኩ።