የጥሩወርቅ ትኩሳት

መስከረም 14 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ወረታ። ጧት

ልብስ ማጠቡን ትቼዋለሁ። ጥሩወርቅ ዛሬም ከመደብ አልወረደችም። ትላንት አጥሚቷን መለሰችው፤ ዛሬ ውሃም አልፈለገች። ግንባሯ እሳት ነው። ውሃው ከሜዳው ገና አልሸሸም፣ ትንኙ በቀንም ይናደፋል። በየቤቱ ንዳድ ገብቷል ይላሉ። ባሌ ለንግድ ሁመራ እንደወረደ ነው። ወሬውም የለ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ጥሩወርቅን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ውሃ ላጠጣት ስል ድንገት ድርቅ አለች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ነጩ ብቻ ቀረ። ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ እጇም እግሯም ይርገፈገፍ ጀመር። ከንፈሯ ጠቆረ። ጮህሁ። ጎረቤት ደረሰ። አንዷ ክብሪት ጭራ ጭሱን ባፍንጫዋ ሥር ያዘች። ሌላዋ አትንኳት፣ ለሃጯ ይጋባል እያለች የራሷን ልጅ ጎትታ ወጣች። ባለሱቋ ወ/ሮ ዘሀራ ብቻ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

የሞተች መስሎኝ ነበር። ቀስ እያለ ለቀቃት። ዝልፍልፍ ብላ ተኛች።

የሚጥል በሽታ ነው ብለው ሄዱ። የሁለት ዓመት ልጅ! ምን አድርጋ?

መስከ. 15

እማሆይ ከቁሐር ሚካኤል መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው እንጃ። የጥሩወርቅ አያት ናቸው፤ እናቷን የወለዱ። ልጃቸው ጥሩን ስትገላገል ነው የሞተችባቸው። እኔ እዚህ ቤት በሚስትነት ስገባ ጥሩ መቀመጥ እንኳ አትችልም ነበር።

መጀመሪያ ልጅቱን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። ምን እንዳበላኋት ጠየቁኝ። ማን እንዳያት። ደጅ ትቻት እንደሁ። ሁሉንም መለስሁ። የእንጀራ እናት ነሽ አላሉኝም። ያላሉት ነው ያመመኝ።

ውሃ አብራኝ የምትወርደው ጓደኛዬ ዛሬ ሳትጠራኝ ሄዳለች።

መስከ. 17፣ መስቀል

ሰዉ ደመራ ሄዷል። እኛ ሁለት ሴቶች ባንድ ልጅ እንታገላለን። እማሆይ በሩን ዘግተው ጋቢ በጋቢ ላይ ይደራርቡባታል፤ ብርድ ይመታታል ብለው። እኔ ነደደች ብዬ እገልጣለሁ። መልሰው ይሸፍናሉ። እኩለ ቀን ላይ ያ ነገር ተመለሰ። እሳቸው እቅፍ ውስጥ። አቤት ጩኸታቸው!

ሲለቃት ይዣት ሐኪም ቤት ሮጥሁ። መርፌ ወጊው ድሬሰር ወጣት ነው፣ ግን አልተቻኮለም፣ አገላብጦ አያት። ወባ ነው አለ። የሚጥል በሽታ አይደለም ወይ? አልሁት። አይደለም፤ ትኩሳት ሲያይል ትንንሽ ልጆችን እንዲህ ያደርጋል፣ ብዙዎቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል አለኝ። ሲመጣባት በጎኗ አስተኚያት፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቺ፣ ልብሷን አቅልዪላት፣ ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ እየነከርሽ ጥረጊያት። ክኒን ሰጠኝ። አድቅቄ በማር ሰጠኋት፣ ተፋችው። ደገምሁ። ተፋችው።

ለእማሆይ ነገርኋቸው። ጠበል እንውሰዳት አሉ። እኔም የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፣ ጠበል አልጠላም። ግን እንዲህ እየነደደች፣ በጧት ቁር፣ ያን ሁሉ ውሃ ተሻግራ? ትንሽ ይብረድላትና አብረን እንወስዳታለን አልሁ። ጋቢውን መልሰው ደረቡባት።

አሁን ተኝታለች። ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ነው። ዓይኔን ከነቀልሁ የሚቆም ይመስለኛል።

መስከ. 19

የሉም! ከወንዝ ስመለስ መደቡ ባዶ። ክኒኑ እንደተቀመጠ። ወ/ሮ ዘሀራ እማሆይ አዝለዋት ወደ ቁሐር ሲወርዱ አይታለች። ለጠበል ነው ብለዋታል።

ልከተል? ምን ብዬ? ደሜ አይደለች። ብትሞት ገደለቻት ይሉኛል። ቢሉኝስ! ካልሞተች ይበሉኝ። እሄዳለሁ።

መስከ. 20

ትላንትን ልጻፈው፤ ካልጻፍሁት አብዳለሁ።

ሜዳው ውሃ ነው። ከብቱ ጉብታ ጉብታው ላይ ቆሟል። ወደቅሁ፣ ተነሳሁ። ከቤታቸው ስደርስ ውስጥ ኡኡታ። ጥሩ ጭናቸው ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ እሳቸው በማንኪያ ጥርሷን ይፈለቅቃሉ። አፏ ደም። ቀና ብለው አዩኝ። ይቆጡኛል ስል፣

«ያዢልኝ! እጄ ከዳኝ፣ ያዢልኝ ልጄ!» አሉ።

ተቀበልኋት። ማንኪያውን ወረወርሁ፣ በጎኗ አስተኛኋት፣ ጋቢውን ገፈፍሁ።

«እንዲሁ ቁጭ ብለን እንያት?»

«እንያት እማሆይ። እስኪለቃት ካጠገቧ እንሁን።»

ቆየ። ከፊተኛው ይልቅ ቆየ። ሲለቃት እማሆይ ግድግዳውን ተደግፈው ዘጭ አሉ። ከጥሩ እናት በፊት ሌላ ልጅ እንደነበረቻቸው ነገሩኝ። በዚሁ በንዳድ ወራት፣ እንዲሁ ሆና፣ እቅፋቸው ላይ ቀርታለች። ጋቢውን የደረቡት፣ በሩን የዘጉት ለዚህ ኖሯል። እኔን ጠልተው መስሎኝ ነበር።

በቅጡ ሳትነቃ እንደገና ያዛት። ጠበሉን እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። እየተቀባበልን አዝለን ወረታ ገባን። ድሬሰሩ መርፌ ወጋት። ዛሬ ጧት ዓይኗን ገለጠች። አላወቀችኝም። ጥሩዬ ብላት ባዶ ታየኛለች። ድሬሰሩ ከኔ አቅም በላይ ነው፣ ጎንደር ሆስፒታል አድርሷት አለ። ፊቱን አዞረ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

የወ/ሮ ዘሀራ ባል ቆዳ የጫነ መኪና ለምኖልናል። ከሾፌሩ ጎን ያለው ቦታ ያንድ ሰው ነው፤ ልጅ የታቀፈች እናት ትግባበት ብሏል። ለእማሆይ ይገባል አልሁ። እምቢ አሉ፤ እሳቸው ከላይ ከቆዳው ላይ ሊወጡ። በዚያ ዕድሜ! ብለምናቸው አልሰማ አሉ።

ጥሩ ጭኔ ላይ ናት። ትንሽ ውሃ ዋጠች። ሰውነቷ ገና እሳት ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ እናቷ የት አለች ይላሉ፣ ምን ልበላቸው ብዬ እማሆይን ጠየቅኋቸው። መቀነታቸውን እያጠበቁ ነበር። ቀና አላሉም።

«ያንቺ ናት በያቸው። እኔንም ቢጠይቁኝ የሷ ናት እላለሁ።»

እንዲያ እላለሁ።